በአዴ ቢፍቱ በትር ሙዚቃ ስመራ

እኔ ዓለም አቀፍ የሙዚቃ መሪ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቀድማ የምትስቀው ደግሞ ባለቤቴ ናት። ቢሆንም የሠራሁባቸውን አገሮች ልቁጠርላችሁ፤ አሰላ፣ ሳጉሬ፣ ዲክሲስ። «ይህ ሁሉ አርሲ አይደለም ወይ?» የሚል ካለ፣ ትልቁን ከበሮ ተሸክሞ በሐምሌ ጭቃ ከአሰላ ዲክሲስ ይሂድና ሲመለስ እንነጋገራለን። ደግሞም አንድ የውጭ አገር ሰው፣ ያውም ባርኔጣ ያደረገ፣ ተቀምጦ አዳምጦኛል። አንድ የውጭ አገር ሰው ካዳመጠህ ዓለም አቀፍ ነህ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚሽረው ካለ ይምጣ።

ነገሩ የተጀመረው በሳጥን ነው። ሒሳብ ላስተምር ከሸዋ ወደ አሰላ በተላክሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ትልቅ ሳጥን በጭነት መኪና ከአዲስ አበባ መጣ። ሲከፈት ትልልቅና ትንንሽ ጥሩንባ፣ እንደ ድስት ክዳን የሚጋጩ ሁለት ናሶች፣ አንድ ጎልማሳ የሚያህል ከበሮ ወጣ። ከሁሉም ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ቀጭን ነጭ በትር ነበረች። ዲሬክተራችን መምህራኑን ሰበሰበና «ከመካከላችሁ ዜማ የተማረ አለ?» አለ። እጄን አወጣሁ። በልጅነቴ ሁለት ዓመት ዜማ ጀምሬ፣ ድምፄን በሰሙ በመምህሬ ልመና ማቆሜን አልጨመርኩም። ማን ጠየቀኝ? በዚያው ዕለት ነጯ በትር እጄ ገባች።

አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ጊዜ የሙዚቃ መሪ አይቻለሁ። ያየሁት ግን ከኋላው ነው። ስለዚህ ሙያውን የማውቀው በጀርባ በኩል ብቻ ነበር። ትከሻ እንዴት እንደሚርገበገብ፣ የኮት ጅራት እንዴት እንደሚወዛወዝ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ፊት ምን እንደሚሠራ ግን እስከ ዛሬም አላጣራሁም። የጎደለውን ከቤተ ክርስቲያን ሞላሁት፤ ደብተራ መቋሚያውን ይዞ እንደሚያሸበሽበው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እል ነበር። ኖታ የሚባለውን ወረቀት አቅንቼም ዘቅዝቄም አየሁት። ሽቦ ላይ ያረፉ ወፎች መስሎ ስለታየኝ ለባለቤቶቹ ተውኩት።

አሥራ ሁለት ሰው ሰበሰብኩ። ሁሉን ብነግራችሁ ትሰለቻላችሁ፤ ሁለቱን ብቻ ላስተዋውቅ። አንደኛው ከናዝሬት የመጣ ታደሰ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው። ጥሩንባ ሲነፋ ሰው መሆኑን ይረሳል፤ እኛ መኖራችንንም ይረሳል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ቱፋ ናቸው፣ የአርሲ ተወላጅ፣ ትልቁን ከበሮ የሚመቱ። ባለቤታቸው በዚያው ዓመት ሞተውባቸው ሰው ማነጋገር አቁመው ነበር። ከበሮው ከመጣ ወዲህ ግን ከሁላችን ቀድመው ይደርሳሉ። አንድ ቀን «መምህር፣ ይህን ስመታ የቤቴ ጭር ማለት ይረሳኛል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስቱ አልቆጣቸውም። ብዙ ጊዜ ይስቱ ነበር።

ዓመት ሙሉ አንድ የሰልፍ ማርሽ ተለማመድን። ጀምረነው እናውቃለን፤ አብረን ጨርሰነው ግን አናውቅም። ታደሰ ይቀድማል፣ ናሶቹ ይከተላሉ፣ ጋሽ ቱፋ ሁላችን ውኃ ስንጠጣ ይደርሳሉ።

እንዲህ ባለ ሰላም ስንኖር ደብዳቤ መጣ። ሙሴ ቪክተር የሚባሉ፣ በሰባት አገር ትልልቅ ኦርኬስትራ የመሩ የውጭ አገር ሰው፣ በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞሩ ባንዶቹን ያዳምጣሉ ይላል። ያልበቃ ባንድ ዕቃው ተሰብስቦ ወደ መጣበት ይመለሳል። ደብዳቤውን ለባንዱ ሳነብ ታደሰ ጥሩንባውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ጋሽ ቱፋ ከበሮውን በእጃቸው ዳሰሱና «ይህን ከወሰዱ እኔንም ጨምረው ይውሰዱኝ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ቀኑ የገበያ ቀን ሆነ። ዲሬክተራችን «ሕዝብ ይበዛል፣ ሕዝብ ሲበዛ እንግዳው ይሸማቀቃል» ብሎ የመረጠው ነው። በማለዳ ተነስቼ መዳፍ በምታህል መስተዋት ፊት የማርሹን መጨረሻ ተለማመድኩ። መጀመሪያው አላሳሰበኝም፤ መጨረሻው ላይ ነው የሚጨበጨበው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ የመጨረሻዋን ምት በሙሉ ኃይሌ ሳወርዳት ነጯ በትር ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨችና ሁለት ሆነች። መቃኑ ምንም አልሆነም።

እንግዲህ ፍለጋ ጀመርኩ። እርሳስ አነሳሁ፤ ከሩቅ አይታይም። ማማሰያ አነሳሁ፤ የትናንት ሽሮ ደርቆበታል። አንድ አስተማሪ ማማሰያ ይዞ በአገረ ገዥ ፊት ቢቆም ምን እንደሚባል አስቡት። እንዲህ ስንከራተት ዓይኔ በአከራዬ በአዴ ቢፍቱ ጓዳ አረፈ።

አዴ ቢፍቱን ላስተዋውቃችሁ፤ «አዴ» እኛ «እትዬ» እንደምንለው ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። እናቴ የሞተችው ነፍስ ሳላውቅ ነው። አዴ ቢፍቱ ቤታቸውን ሲያከራዩኝ ይህን ሰሙና በማግሥቱ ጠዋት በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በሣህን አስቀመጡልኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላቋረጡም። ስሜን አይጠሩም፤ «ልጄ» ነው የሚሉኝ። በዚያ ጠዋት ቅቤያቸውን ይዘው ገበያ ወጥተዋል። በጓዳቸው፣ ከምሰሶው ጎን፣ አንድ በትር ቆሟል። ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ በቅቤ ታሽቶ የሚያብለጨልጭ፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ። መቋሚያ ለለመደ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? «እሳቸው ሳይመለሱ እመልሰዋለሁ» ብዬ አነሳሁት። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል የሚባለው ለእኔ ነበር፤ የእኔ የሚለየው አፍሳሹ አንድ፣ ለቃሚው ብዙ መሆኑ ብቻ ነው።

ገና ከደጅ ስወጣ ክብሬ ጀመረ። ባለጋሪው ፈረሱን ስቦ ዳር ያዘልኝ። ሦስት ፈረሰኞች ከሳጉሬ በኩል ሲመጡ በትሩን ከሩቅ አይተው ከፈረሳቸው ወረዱ። ስጠጋቸው ግን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እንደ ሹም ሰላምታ ሰጠኋቸውና አለፍኩ። «ዝና ማለት እንዲህ ነው፤ ሰው ገና ሳይሰማህ ያውቅሃል» አልኩ ለራሴ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እኔን ማንም አወቅህ ሳይለኝ ነው ያጠብኩት።

ከገበያው አጠገብ ያለው ሜዳ ሞልቷል። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ነጠላውን ሁሉ ያርገበግባል። አገረ ገዥው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ሙሴ ቪክተር፣ ረጅም፣ ሽበታም፣ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ። አዲስ አበባ ብዙ ስለኖሩ አማርኛ ቀስ እያሉ ይናገራሉ። ባንዱ ተሰልፏል። ጋሽ ቱፋ የያዝኩትን ሲያዩ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«መምህር፣ የያዙት…»

«ጋሽ ቱፋ፣ አሁን ወሬ የለም! ሙዚቀኛ መሪውን ነው የሚያየው።»

«እያየሁማ ነው፤ ያየሁት ነው ያስደነገጠኝ» አሉ።

ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጠሁ፤ በጀርባ በኩል ጎበዝ ነኝ ብያችኋለሁ። በትሩን ወደ ሰማይ አነሳሁ።

እንደዚያ ያለ ጸጥታ በዕድሜዬ አልሰማሁም። ሜዳው ዝም አለ። ከሜዳው አልፎ ገበያው ዝም አለ። በአንድ በሬ ዋጋ አንገት ለአንገት ተያይዘው የነበሩ ሁለት ሰዎች ተላቀቁ። ሙሴ ቪክተር ቀና ብለው ተቀመጡና ለዲሬክተራችን አንድ ነገር ሹክ አሉት። ደረቴ ተነፋ። ኮቱ ከልብስ ሰፊው ከታደሰ የተዋስኩት ጠባብ ስለነበረ በብብቱ በኩል ተተረተረ፤ ማን ግድ አለው! በትሩን አወረድኩ።

ታደሰ ብቻውን ነፋ። ከባንዱ መካከል ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጡ ሁለት ሰዎች ትንሽ አጀቡት። የአርሲ ልጆች የሆኑት ግን ሁሉም ደርቀዋል፤ ጋሽ ቱፋ መምቻውን እንዳነሱ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። «ምቱ እንጂ!» ብዬ በትሩን አብዝቼ ብወዘውዘው ቅቤው ሥራውን ሠራ። በትሩ ከእጄ ሾልኮ፣ በራሴ ላይ በርሮ፣ ሙሴ ቪክተር እግር ሥር ወደቀ። እሳቸው የጨዋ ልጅ ስለሆኑ አንስተው፣ በመሐረባቸው ጠርገው፣ እጅ ነስተው መለሱልኝ። አሁን በትሩን የነካን ወንዶች ሁለት ሆንን። አንድ ይበቃ ነበር።

ይኼኔ ከገበያው በኩል እልልታ ተሰማ። አንዲት ሴት ጀመረች፣ ሌላዋ ተቀበለች፣ ከዚያ መቶዎቹ። ደስታዬን ምን ብዬ ልግለጽላችሁ! ዞሬ እጅ ነሳሁ። እልልታው ሲጨምር ደግሜ ነሳሁ። ሦስተኛውን ነስቼ ቀና ስል ሴቶቹ ወደ እኔ እየመጡ ነው። አንዳንዶቹ እንደኔው ያለ በትር፣ ሌሎቹ እርጥብ ሣር ጨብጠው፣ ረድፍ ሠርተው፣ እየዘፈኑ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላቸው። አገረ ገዥው ራሳቸው ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ። ከሁሉም ፊት አዴ ቢፍቱ አሉ።

«ማል ጎቴ፣ ልጄ? ምን አደረግህ?» አሉኝ።

ምን እንዳደረግሁ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሽ ቱፋ ከበሮአቸውን አስቀምጠው ቀረቡኝ።

«መምህር፣ ይህ ሲንቄ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ እጅ የምትቀበለው ነው። ወንዶች ሲጋደሉ ሴት ይህን ይዛ መሀል ከገባች ጠብ ይቆማል። ወንድ አይነካውም። ክብሩ ከተነካ ደግሞ እልልታውን የሰሙት ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ። ይኸው ወጡ።»

ፈረሰኞቹ የወረዱት ለእኔ አልነበረም። ገበያው ዝም ያለው ለእኔ አልነበረም። እልልታውማ ክስ ነበር፤ እኔ ለክሴ ሦስት ጊዜ እጅ ነስቻለሁ። ከሁሉ የከፋኝ ግን ጠዋት ጠዋት ጭኮ የሚሰጡኝን ሴት በአገር ፊት ማዋረዴ ነው። ተንበርክኬ በትሩን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

አዴ ቢፍቱ ተቀበሉና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ከዚያ ከፍ አደረጉት። ዘፈኑ ቆመ።

«ለምን ወሰድክ?»

ውሸት የሚያወጣኝ አልነበረም፤ ብፈልግም የቀረ ውሸት አልነበረኝም። «የራሴን በትር ሰበርኩ። ዛሬ ካልተጫወትን ይህ ሁሉ ዕቃ ይወሰድብናል፤ ጋሽ ቱፋም ከበሮአቸውን ያጣሉ። ሲንቄ መሆኑን አላወቅሁም። ስለ ሙዚቃውም ቢሆን ብዙ አላውቅም። ኖታ ማንበብ አልችልም» አልኩ። የመጨረሻዋን እንደተናገርኩ ዲሬክተራችን ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋ። ሙሴ ቪክተር ማስታወሻ ጻፉ።

ሽማግሎች ገቡና ይለምኑልኝ ጀመር። «አጥፍቷል፤ ጊደር ይስጥና ይታረቅ» አሉ።

«ይህ ልጅ ጊደር የለውም» አሉ አዴ ቢፍቱ። «ቤቴ የሚኖር እሱ ነው፤ አውቀዋለሁ። ከእሱ ጋር ያለ ከብት ቁንጫ ነው። ያለው ነገር ጩኸት ብቻ ነው፤ ዓመት ሙሉ ስሰማው የኖርኩት። እንግዲህ ያንን ይክፈል። ሲንቄዬ ሳላውቅ ከቤቴ ወጥቷል፤ አገር እያየው በዘፈን ይግባ። እኛ እንዘፍናለን፣ እነዚህ ከኋላ ይከተሉን።»

ሴቶቹ እልል አሉ። የዚህኛው እልልታ ልዩነት ለእኔም ገባኝ።

አዴ ቢፍቱ ዞረው መንገዱን ያዙ። ሲንቄው ከፍ ሲል ዘፈኑ ይነሳል፣ ዝቅ ሲል ሴቶቹ ይቀበላሉ። ጋሽ ቱፋ ከበሮአቸውን አነገቱ። ይህን ዘፈን ማንም አላስተማራቸውም፤ እናታቸው ስትዘፍነው፣ ሚስታቸው ስትዘፍነው የሰሙት ነው። መምቻው ወረደ፤ ከሴቶቹ እግር ጋር እኩል ወረደ። አንድም ጊዜ አልሳቱም። የአርሲ ልጆች ሁሉ ጥሩንባቸውን አነሱ። ታደሰ እንኳን ከእኛ ጋር መሆኑ ትዝ አለው፤ ዜማውን ቀስ ብሎ ከሴቶቹ ድምፅ ሥር አገኘው። እኔ ሥራ ስላጣሁ አንዱን ናስ ተቀብዬ ከኋላ ተሰለፍኩ። ዓለም አቀፍ መሪ ሆኜ እየተመራሁ ነው፤ ግን እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም!

በከተማው አለፍን። ባለሱቁ ሱቁን ትቶ ወጣ። ፈረሰኞቹ እንደገና ወረዱ፤ አሁን ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። አገረ ገዥው በእግራቸው ተከተሉ፤ ሙሴ ቪክተር ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ጭቃውን ሳያዩ ይራመዳሉ። ከአዴ ቢፍቱ ደጅ ስንደርስ ሲንቄው ከፍ ብሎ ቆየና ወረደ። ሴቶቹ፣ ጥሩንባው፣ ናሶቹ፣ ከበሮው በአንድ ጊዜ ዝም አልን። አብረን ጨረስን። ዓመት ሙሉ ያልሆነው በዚያች ቅጽበት ሆነ። ታደሰ «ይኸው!» ብሎ ጮኸ፤ ጋሽ ቱፋ ግንባራቸውን ከበሮው ላይ ደግፈው አለቀሱ።

ሙሴ ቪክተር እንደ አገራቸው ወግ የአዴ ቢፍቱን እጅ ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሊሆን ሲል ሲንቄው መሀል ገባ። እንግዳው ባሉበት ቆሙ፤ ሲንቄ የውጭ አገር ሰውም ያቆማል። ከዚያ ሳቅ ሆነ፤ አዴ ቢፍቱም ሳቁ።

«እኔ ሰባት አገር መርቻለሁ» አሉ ሙሴ ቪክተር ቀስ እያሉ። «ሁሉም አገር በበትር ሦስት ጊዜ አንኳኩቼ ነው ዝም የሚሉልኝ። እዚህ ገበያ ዝም አለ፤ አህያ እንኳን ዝም አለ። ዕቃው እዚህ ይቆይ። መሪያችሁ በጣም ትልቅ ናቸው።» እጅ ልነሳ ጎንበስ ስል ጣታቸው ወደ አዴ ቢፍቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ፈለገን። ሳጉሬ ለሠርግ ተጠራን፣ ደግመው ጠሩን። እኔም ኖታ የሚያነብ ሰው ፈልጌ ከወፎቹ ጋር ቀስ በቀስ ተዋወቅሁ። በዓመቱ ከሙሴ ቪክተር አገር «ለአሰላው ባንድ ዋና መሪ» የሚል ፖስታ ደረሰ። በኩራት ቀደድኩት፤ ደብዳቤው ለአዴ ቢፍቱ ነው። በሰላም መሆናቸውን ይጠይቃል፣ መጥተው የእሳቸውን ኦርኬስትራ ቢመሩላቸው ይመኛል፤ መጨረሻው ላይ «ረዳትዎም ቢመጡ ግድ የለም» ይላል። አነበብኩላቸው። «ለሙዚቃማ አልሄድም» አሉ። «ከተጣሉ ግን ጻፉልኝ በላቸው፤ እመጣለሁ።» ቃል በቃል ጻፍኩላቸው።

ዲክሲስ የሄድነው የአዴ ቢፍቱ ልጅ ሐሊማ ስትዳር ነው። ሐምሌ ነበር፤ ከበሮውን ተራ በተራ ተሸከምነው። ሙሽራዋን አጅበን ከአሰላ ከመውጣታችን በፊት አዴ ቢፍቱ ለልጃቸው የተቆረጠውን አዲስ ሲንቄ አምጥተው በእጇ አስያዟት። ሴቶቹ ዘፈኑ፤ ጋሽ ቱፋ መቱ። እኔ ከአሮጌው ልምዴ ተጠንቅቄ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። አዴ ቢፍቱ ወደ እኔ መጡና ከነጠላቸው ሥር አንዲት አጭር እንጨት አወጡ። ከዚያው ከሲንቄው ጫፍ ሲስተካከል የተቆረጠች ናት፤ ክንድ አትሞላም። ተልጣ፣ ተስተካክላ፣ በቅቤ ታሽታለች።

«ትልቁ የእህትህ ነው፣ እንዳትነካው» አሉኝ። «ቁራጩ ያንተ ነው። በር መቃን ግን አትምታበት።»

ያን ቀን ባንዱን መምራት አልቻልኩም፤ ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነበር። ታደሰ መራልኝ።

ዛሬም የምመራው በእሷ ነው። አንዳንዱ ሙዚቀኛ ነኝ ባይ እንጨቷን አይቶ «ይህን የመሰለ በትር ከየት አገር አስመጣኸው?» ይለኛል። ከየትም አላስመጣሁትም፤ እናቴ ሰጠችኝ እለዋለሁ።